በ45 ቀን መጥታ በዘጠኝ ወር የቀረችው እናት

ስለ ልጆች ክትባት ወሬ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን «ልጄን አላስወጋም» ብሎ በሩን የሚዘጋው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም አይባልም። ቁጥሮቹ ግን ሌላ ሰው ያሳዩናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 39 በመቶ፣ አንድም ክትባት ያልነካቸው ደግሞ 16 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀሩት፣ ከመቶ 45 ያህሉ፣ ጀምረው ያልጨረሱ ናቸው። የመጀመሪያውን የፔንታ መርፌ 73 በመቶ ወስደው ሦስተኛው ላይ የደረሱት 53 በመቶ ነበሩ።

ከመቶው ልጅ በፔንታ መንገድ ላይ የቀሩት የሃያዎቹ እናቶች እምቢ አላሉም። ልጃቸውን አዝለው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ጭኑን ሲወጋ አብረውት ተሳቀው አንዴ አስከትበዋል። ከዚያ በኋላ ግን አልተመለሱም። ስለዚህ የጤና መልእክት ሥራ አንደኛው ጥያቄ «እምቢተኛውን እንዴት እናሳምን?» መሆኑ ይቅርና «ያመነችውን እናት ማን አስቀራት?» ይሁን። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

ለምሳሌ ድሬዳዋን እንውሰድ። በዚሁ ጥናት ከአገሪቱ አማካይ በብዙ የተሻለች ነበረች፤ መሠረታዊዎቹን ክትባቶች የጨረሱት ልጆች 76 በመቶ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባ 89 ነበረች። ጥሩ ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ከተማ፣ ባጃጅ በየማዕዘኑ በቆመበት አገር ከአራት ልጅ አንዱ ሳይጨርስ ሲቀር ጥፋቱን በመንገድ ርቀት ማላከክ አይቻልም። ገጠር ላይ ወንዝና ተራራ እንከስሳለን። ደቻቱ ላይ ማንን እንከስሳለን?

ደቻቱ የሚባለው ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ነው፤ በዳርቻው ያለው ሰፈርም በስሙ ይጠራል። ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ የተኛውን ሰው ጠረገው፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። ኩፍኝም ጠባዩ እንደ ደቻቱ ነው፤ ለጊዜው ደረቅ ሆኖ ይቆይና ሰው ይረሳዋል፣ ያልተከተቡ ልጆች ሲጠራቀሙ ግን በአንድ ጊዜ ይሞላል። ዛሬ የ22 ዓመት እናት የሆነችው ወጣት በኩፍኝ የታወረ ወይም በፖሊዮ እግሩ የሰለለ የዕድሜ እኩያ ላታውቅ ትችላለች። አያቷ ታውቃለች። ክትባቱ ሥራውን በደንብ በሠራበት ሁሉ በሽታው ከዓይን ራቀ፤ በሽታው ስለራቀ ደግሞ መርፌው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አስቸጋሪ ሆነ። የጤና መልእክት የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

አስቀድመን ግን ሥርዓቱን ራሱን እንወቀው። ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው። ያኔ በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ስድስት በሽታዎች ነበሩ፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። በ1999 ዓ.ም. ፔንታ መጣ፤ አንድ መርፌ ሆኖ አምስት በሽታ ይከላከላል፣ የጉበት በሽታ ቢንና የማጅራት ገትር አንዱን ዓይነት አክሎ። በ2004 የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ፣ በ2006 የተቅማጥ መከላከያው ሮታ ተጨመሩ። ኩፍኝ ሁለተኛ ዙር የተጀመረው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማሕፀን በር ጫፍ ካንሰር መከላከያ በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ጀመረ።

እናት የምታስታውሰው ግን ይህን የስም ዝርዝር አይደለም፤ ቀኖቹን ነው። ልጁ እንደተወለደ ክንዱ ላይ ቢሲጂ፣ አፉ ላይ የፖሊዮ ጠብታ። ከዚያ በ45 ቀን፣ በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር ተኩል። ከዚያ ረጅም ዕረፍት። ከዚያ በዘጠኝ ወር ኩፍኝ፣ በ15 ወር ሁለተኛው ኩፍኝ። መመሪያው ላይ የተጻፈው ስድስት፣ አሥርና 14 ሳምንት ተብሎ ነው፤ በጤና ጣቢያ በር ላይ ሰው የሚነጋገረው ግን በወር ተኩል ነው፤ እንዲያ ይሻላል።

ይህን የቀን ሰንጠረዥ ከሕይወት ጋር አያይዞ የሚነግራት ሲኖር እናት አትረሳውም። ድሬዳዋ ውስጥ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አራስ ቤት አርባ ቀን የሚባል ነገር ታውቃለች። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ለፀሐይና ለዓይን ትሰጋለች፣ ሕፃኑንም ደጅ አታወጣም። ቤት የወለደች ከሆነ በተወለደበት ሰሞን የሚሰጠው ቢሲጂና የመጀመሪያው ጠብታ የሚዘልለው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ ልማድ ጋር መጣላት አያዋጣም። «ከአርባ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት» ብሎ ቀጠሮውን ከልማዱ ላይ መስፋት ግን ይቻላል፤ 45ኛው ቀን አርባን ተከትሎ ነው የሚመጣው። «የካቲት 17» ከማለት «ከዒድ በኋላ ያለው ማክሰኞ» ወይም «ቁልቢ ገብርኤል ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት» ማለት ለማንም የቀረበ ነው። ካርዱ ላይ በእርግጥ ቀኑ ይጻፍ። ጆሮዋ ላይ የሚቀረው ግን ያ ሌላው ነው።

አሁን ወደ ክትባት ጠረጴዛው እንቅረብ። ጠረጴዛው ላይ የበረዶ ከረጢት የተደረደረበት ሳጥን ተከፍቷል፤ ብልቃጦቹ አሉ፣ መዝገቡ ተዘርግቷል፣ ለተወጋ መርፌ መጣያ የሚሆን ቢጫ ካርቶን አለ። ነርሷ ካርዱን ትቀበላለች፣ ትወጋለች፣ ትጽፋለች፣ ካርዱን ትመልሳለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች። የቀረችው ነገር ብዙ አይደለችም፤ ግማሽ ደቂቃ ነች። ባለሙያዎች በስልጠና ላይ የሚማሩት አራት ነገር ነው፦ ዛሬ ምን እንደተሰጠውና ምን እንደሚከላከል፣ ምን ሊሰማው እንደሚችልና ምን እንደሚደረግ፣ መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ፣ ካርዱን ጠብቃ ይዛ እንድትመጣ። እነዚህ አራቱ ከተባሉ የሕዝብ ጤና መልእክት የሚባለው ትልቅ ስም ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከዚራን ሲዞር ቢውል ይህችን ግማሽ ደቂቃ አይተካትም።

የግማሽ ደቂቃዋን ዋጋ ለማየት ከአራቱ ሁለተኛውን እንውሰድ። ፔንታ ትኩሳት ያመጣል። ብዙ ልጅ በተወጋበት ማታ ይተኩሳል፣ ይነጫነጫል፣ ጭኑ ያብጣል። ይህን ያልተነገራት እናት ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች፤ ጠዋት አማቷ «ደህና የነበረውን ልጅ ወስደሽ አሳመምሽው» ትላታለች። ሁለተኛው ቀጠሮ የሚሞተው እዚያ ነው። የተነገራት እናት ግን ትኩሳቱን ስታይ «ሲስተር ያለችው መጣ» ትላለች፤ ሙቀቱ ራሱ ነርሷን እውነተኛ ያደርጋታል። ንግግሩ እንዲህ ቢሄድ ምን ይከብዳል?

«ሲስተር፣ መርፌው ያተኩሳል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ወይ ነገ ሊያተኩሰው ይችላል። ጭኑም ያብጥ ይሆናል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ልብስ አታብዢበት። ጡት እምቢ ካለሽ ወይ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ግን ቀን ሳትጠብቂ ይዘሽው ነይ።»

«አማቴ ደግሞ መርፌ አይስማማውም ትላለች።»

«በሚቀጥለው እሳቸውንም ይዘሻቸው ነይ። እኔ ራሴ አጫውታቸዋለሁ።»

እዚህ ውስጥ ማስፈራራት የለም፣ መሸፋፈንም የለም። «ምንም አይሆንም» የሚለው መልስ ግን ደግ መስሎ የሚጎዳ ነው፤ ማታ ላይ ውሸት ሆኖ ይገኛልና። በቢሲጂም እንዲሁ ነው። ክንዱ ላይ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ጠባሳ ይተዋል። ያልተነገራት እናት ቅባት ትቀባዋለች፣ ወይም መርፌው አመረቀዘ ብላ ትሸሻለች። ቁስሉ የክትባቱ የተለመደ ምልክት መሆኑን መናገር አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ደግሞ አንድ የማይወራ ጉዳይ አለ፤ የብልቃጡ ጉዳይ። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣና በማሟሟያው ይበጠበጣል። አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ መጣል አለበት። ስለዚህ ጠዋት አንዲት እናት ብቻዋን ብትመጣ ባለሙያዋ ዘጠኙን መጣል ይከብዳታል፤ «ዛሬ ኩፍኝ አይከፈትም፣ ሐሙስ ነይ» ትላለች። ለባለሙያዋ ቁጠባ ነው። እናትየዋ የሰማችው ግን «ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም» የሚል ነው። አስፈላጊ ቢሆን ይመልሱኝ ነበር? ቀፊራ ገበያ ላይ ንግዷን ለሰው አደራ ሰጥታ የመጣች ሴት ሐሙስ ዳግመኛ አትመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ነው፤ የሚጣለው ጠብታ ከኩፍኝ ወረርሽኝ ይረክሳልና። ክትባቱ በቀጠሮ ቀን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ በአፍም ይነገር። መልካም ቃል የተዘጋ በር አይከፍትም፤ አገልግሎቱ ራሱ መልእክት ነው።

የድሬ ሙቀት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። «ይህ መድኃኒት በዚህ ፀሐይ አይበላሽም?» የምትል እናት ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ክትባቶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለባቸው፤ ፔንታን የመሳሰሉት ደግሞ በረዶ ከሆኑም ይበላሻሉ። ብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ መሐሏ ላይ ያለችው አራት ማዕዘን ከክቡ የነጣች እስከሆነች ድረስ ሙቀት አልጎዳውም ማለት ነው። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከበለጠች ብልቃጡ ይጣላል። ይህችን ምልክት ለእናቲቱ ማሳየት ክብር መስጠት ነው። ፊደል ያልቆጠረችም ታነባታለች። ከብዙ ፖስተር ይልቅ ይህች ጣት ያህል የማትሞላ ክብ እምነት ትገዛለች።

ስለ ፖስተር ካነሳን አይቀር፣ ደቻቱ አንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ የሚሰማበት ሰፈር ነው። ድሬ ያደገ ሰው ሦስቱን እየቀላቀለ ሲቀልድ ትሰማላችሁ። ግን በገበያ ቋንቋ መቀለድና ስለ ልጅ ሕመም መጨነቅ አንድ አይደለም፤ ሰው የሚጨነቀው እናቱ ባሳደገችበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ለጥፎ «መልእክቱ ደርሷል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው መልእክቱን ያደረሰው ለግድግዳው ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተመደቡት ቤት ለቤት እንዲሄዱ ነው፤ ከእነሱ መካከል የግቢውን ቋንቋ የምትናገረዋን ወደዚያ ግቢ መላክ ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው። ሰፈሩ ደግሞ ተከራይ ይበዛዋል። ከሽንሌ የመጣ አለ፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ አለ፣ ነገ ወደ ጅቡቲ መስመር የሚሄድ አለ። የመጀመሪያውን እዚህ፣ ሁለተኛውን ሌላ ቦታ የሚወስድ ልጅ ከመዝገብ ይጠፋል። ባለሙያዎቹ «ዲፎልተር ፍለጋ» የሚሉት ሥራ፣ ማለትም ከመዝገቡ ላይ ያቋረጡትን ስም አውጥቶ ቤታቸው መሄድ፣ እዚህ ሰፈር ላይ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ «የትም ብትሄጂ ካርዱን ይዘሽ የትኛውም ጤና ጣቢያ ግቢ፤ ይቀበሉሻል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለደቻቱ እናት ከሁሉ የሚበልጥ መልእክት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች፤ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በዚያ ሰዓት በር ቢያንኳኳ የሚቀበለው ፊት አይኖርም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙው ወንድ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት ቅሚያ ላይ ነው። ይህን ሰዓት የጤና ሰዎች እንደ ባከነ ሰዓት ያዩታል፤ እኔ ግን አባቶች ተሰብስበው የሚገኙበት ብቸኛው ሰዓት ነው እላለሁ። የልጆች ክትባት በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ ተጥሏል። የባጃጅ ገንዘብ የሚሰጠው፣ «ዛሬ ገበያውን ተዪው» የሚለው ወይም የማይለው ግን ብዙ ጊዜ አባትየው ነው። በርጫ ላይ ስለ ኳስና ስለ ዋጋ ሲወራ አንዱ የተማረ ጓደኛ «ልጅህ የዘጠኝ ወሩን ወሰደ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከስብሰባ አዳራሽ ይበልጣል። ለሴቶቹ እድርና እድርን የሚመስለው አፎሻ አለ፤ ለሁሉም መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አለ። ሼኩ ወይም ቄሱ ስለ መርፌው ሕክምና እንዲያስተምሩ አይጠበቅም። የራሳቸውን የልጅ ልጅ አስከትበው ያንን ቢናገሩ በቂ ነው።

ወደ አሉባልታ እንለፍ፤ እሱ ይቀራል ተብሎ አይታሰብምና። ከቆዩት አንዱ «ያመክናል» የሚለው ነው። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ ግዛት፣ የፖሊዮ ክትባት ልጆችን ያመክናል ተብሎ ዘመቻው ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ ድንበር እየዘለለ ሱዳን ደረሰ፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል ገባባት። ካኖ ላይ የተነሳ ወሬ እዚህ አገር ልጅ አሽመደመደ ማለት ነው። የካኖው ጉዳይ የተፈታው ጥርጣሬውን በማጥላላት አልነበረም። ሙስሊም ከሚበዛባት ኢንዶኔዥያ የተመረተ ክትባት እንዲመጣ ተደረገ፣ መሪዎቹም አደባባይ ወጥተው ልጆቻቸውን አስከተቡ። ሰዎቹ የጠየቁት የላቦራቶሪ ውጤት ብቻ አልነበረም፤ ማን ነው የላከው፣ ለምን ይህን ያህል ተጨነቀልን ብለው ነበር። ያንን ጥያቄ ያልመለሰ መልስ ሁሉ መልስ አይሆንም።

በጎረቤታችን ሶማሊያ የሆነው ታሪክ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተሰጠ ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የታየው የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በጥቅምት 1970 መርካ ከተማ የተገኘ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ስሙ ዓሊ ማው ማሊን። ሆስፒታል እየሠራ አልተከተበም ነበር፤ ያማል ብሎ ስለፈራ ክንዱን ይዞ እንደተወጋ ሰው አስመስሎ አመለጠ። ሁለት ታማሚዎችን የጫነ መኪና መንገድ ለማሳየት ጥቂት ደቂቃ አብሮ ሄደና ያዘው። ዳነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የፖሊዮ ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ልጃቸውን ለማስከተብ ለሚያመነቱ እናቶች የራሱን ፍርሃት ሳይደብቅ ይተርክላቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ ዳግም ወጣ፤ በዚያው ሥራ ላይ እያለ ታሞ በሐምሌ አረፈ። የዚያ ዓመት ወረርሽኝ ድንበር ተሻግሮ በእኛው ሶማሌ ክልል አሥር ልጆችን አጥቅቷል። ዓሊ ሐኪም አልነበረም፤ እናቶቹ ያመኑት እንደ እነሱ ፈርቶ የነበረ ሰው ስለሆነ ነው። የጤና ቢሮዎች እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራቸው ቢፈልጉ አያጡም፤ እግሩ በፖሊዮ የሰለለ ጎልማሳ ዛሬም በየከተማው አለ፣ ፈቃዱ ከሆነ ይናገር።

እውነት ሲነገር ግን ሙሉ ይሁን። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። አብዛኛው ልጅ ባልተከተበበት ቦታ ይህ የተዳከመ ቫይረስ ካልተከተበ ወዳልተከተበ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ቆይቶ ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል፤ በ2011 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል ላይ የታየው ፖሊዮ እንዲህ ያለ ነበር። ይህን የሚደብቅ ባለሙያ ወሬው ከሌላ ሰው ስልክ ሲመጣ ይዋረዳል። ያልደበቀው ደግሞ ቀጣዩን ለማስረዳት ዕድል ያገኛል፦ ቫይረሱ ጉልበት የሚያገኘው ያልተከተበ ልጅ ሲበዛ ነውና መድኃኒቱ ሁሉንም መከተብ ነው። የዱር የሚባለው የተፈጥሮ ቫይረስ ከአፍሪካ መጥፋቱ የተረጋገጠው በነሐሴ 2012 ነው፤ ያጠፋውም ይኸው ጠብታ ነው።

ከዘመቻዎቹ ጋር የተያያዘ አንድ ስህተትም አለ፤ ከወሬ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። የፖሊዮ ዘመቻ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሕፃኑ ሁለት ጠብታ ይወስዳል፣ የትንሿ ጣቱ ጥፍር በቀለም ይጠቆራል፣ በሩ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። እናትየዋ «ልጄ ተከትቧል» ትላለች። ተከትቧልም፤ ለፖሊዮ። ፔንታውስ? ኩፍኙስ? ዘመቻው በር ድረስ ሲሄድ መደበኛው ክትባት ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ ካልተነገራት የጠቆረችው ጥፍር ታታልላታለች። ጠብታ የሚሰጡት ሠራተኞች በዚያው በር ላይ «ካርዱን እስቲ አሳይኝ» ብለው የጎደለውን ቢነግሯት ዘመቻው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል።

ስለ ልጃገረዶቹ ክትባት ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብቻ ወላጅ ሳይነገረው ልጁ ትምህርት ቤት ተወግታ ስትመጣ የሚሰማውን መገመት ቀላል ነው። ከመርፌው በፊት ወላጅን መጥራት ይገባል።

ኩፍኝ ላይ ልመለስና ላብቃ። አንድ በኩፍኝ የታመመ ልጅ ካልተከተቡ ልጆች መካከል ቢገባ ከ12 እስከ 18 ሊያስይዝ ይችላል። እሱን ለመግታት ከመቶ ልጅ 95ቱ ሁለቱንም ዙር መውሰድ አለባቸው። ከሦስት ወር ተኩሉ ቀጠሮ እስከ ዘጠኝ ወሩ ድረስ ያለው ግን አምስት ወር ተኩል ዝምታ ነው፤ ማንም አይጠራት፣ ማንም አያስታውሳት። ልጁ ይድሃል፣ ጥርስ ያበቅላል፣ ጤነኛ ይመስላል። በዚህ መሐል ጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ ስልክ ቢደውል፣ ኤክስቴንሽኗ አንድ ጊዜ ብቅ ብትል ገንዘብ ከሚወጣባቸው ብዙ ዘመቻዎች የተሻለ ፍሬ ያፈራል የሚል ነው ፍርዴ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከጨለማ ቤት አይወጣም፣ መርፌም አይነካውም የሚለው አሮጌ ልማድም በዚያው ይነሳ፤ በኩፍኝ የታመመ ልጅ ቶሎ ጤና ጣቢያ ካልደረሰ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ሊገድሉት፣ በሽታውም ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል።

እናንተ አንባቢዎች ግን ጤና ቢሮን አትጠብቁ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ካለ ካርዱን አውጡና ተመልከቱ። ዕድሜው ደርሶ የዘጠኝ ወሩ ወይም የ15 ወሩ ሳጥን ባዶ ከሆነ ነገውኑ ውሰዱት። ካርዱ ቢጠፋ መዝገብ አለ፤ ልጁ ጉንፋን ቢኖርበት ወይም ቀላል ተቅማጥ ቢይዘው አያስከለክለውም። የተቋረጠ ክትባት እንደ አዲስ አይጀመርም፣ ከቆመበት ይቀጥላል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁሉ ደግሞ በነፃ ነው።